በሦስት ቅጂ የጻፍኩት እርቅ

እጅ ጽሑፌ ያምራል። ድሮ ይህን የምናገረው እየተኩራራሁ ነበር፤ ዛሬ የምጽፈው እያፈርኩ ነው። ሰፈራችን የካ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ሽቅብ ተወጥቶ የባሕር ዛፉ ጫካ ከመጀመሩ በፊት ያለው ዳገት ላይ ነው። እዚያ ዳገት ላይ ማመልከቻ የሚያስገባ፣ የሠርግ ጥሪ የሚበትን፣ የሟች የሕይወት ታሪክ የሚያስነብብ ሁሉ የሚመጣው እኔ ጋ ነው። አማርኛ አስተማሪ ስለሆንኩ ትልቁም ትንሹም «ቲቸር» ይለኛል። የእድራችን ጸሐፊ ያደረገኝም ይኸው ጽሑፌ ነው። ሊቀመንበራችን ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ቃለ ጉባኤዬን በስብሰባ ፊት ከፍ አድርገው «እንዲህ ነው የሚጻፍ!» ሲሉ ደስ ይለኝ ነበር። በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

ጎረቤቴ ጉርድ ሾላ የልብስ ሱቅ ያላት ሴት ናት። ግቢያችንን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። እናቴ የሞተች ጊዜ ሱቋን ዘግታ ሦስት ቀን ከድንኳኑ ያልወጣች፣ ለቀስተኛውን ያስተናገደች፣ እህል አልወርድ ሲለኝ በግድ ያጎረሰችኝ እሷ ናት። ይህን የማነሳው ጥብቅና ልቆምላት ብዬ አይደለም። ሰው ሁሉ «እንዴት አላወቃችሁም?» እያለ ስለሚጠይቀን ነው። ያጎረሰኝ እጅ ሌላ ጊዜ ምን እንደሚሠራ ማሰብ አልፈለግኩም፤ መልሱ ይኸው ነው።

ልጅቷን ከገጠር ያመጣቻት ቀን «የአጎቴ የልጅ ልጅ ናት፤ እዚህ አስተምራታለሁ» ብላ አስተዋወቀችን። ዐሥር ዓመት ቢሆናት ነው። ስትመጣ ከኦሮምኛ በቀር አታውቅም ነበር፤ አማርኛን የለመደችው ጓዳ ውስጥ ነው። «እሺ»፣ «መጣሁ»፣ «እትዬ»። ጠዋት ጠዋት ውሃ በጀሪካን ይዛ ዳገቱን ስትወጣ አያታለሁ። ቦርሳ ይዛ ግን አይቻት አላውቅም። አንድ ቀን በር ላይ ጎረቤቴን «ልጅቷ ትምህርት ቤት አልገባችም እንዴ?» አልኳት። «የልደት ወረቀቷ ከገጠር እስኪመጣ ነው ቲቸር፤ መስከረም ላይ ትገባለች» አለችኝ። መስከረም መጥቶ ሄደ፤ ደግሜ አልጠየቅኩም። በየማለዳው ስም እየጠራሁ የቀረ ልጅ ካለ ለምን እንደቀረ መጠየቅ ሥራዬ ነው፤ ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚህም ጭምር ነው።

ድምፅም እሰማ ነበር። ከአጥሩ ወዲያ መጀመሪያ የጎረቤቴ ቁጣ ይመጣል፤ ቀጥሎ የቀበቶ ይሁን የገመድ ያልለየሁት ነገር ይሰማል፤ ከዚያ ልጅቷ «እትዬ፣ እትዬ፣ እትዬ» ትላለች። እኔ ያኔ ሬዲዮ እከፍታለሁ። ዜና ነው የማዳምጠው። አንዳንድ ቀን ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሕፃን ላይ ስለደረሰ በደል ይነገራል፤ ሻዬን ይዤ ከንፈሬን እመጥጣለሁ። «ምን ዓይነት ጎረቤት ነው ዝም ብሎ የሚያይ?» ብዬ ለራሴ የተናገርኩበት ጠዋት ትዝ ይለኛል። ይህን ስል ሬዲዮው ድምፁ ከፍ እንዳለ ነበር።

በአንድ የጥቅምት ጠዋት ልጅቷ ጠፋች። ገና ሳይነጋጋ ከግቢው ወጥታ፣ በባሕር ዛፉ መሀል ሽቅብ ስትወጣ ውላ፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ጠበል ከሚጠብቁ ሰዎች መሀል ተቀምጣ ተገኘች። ያገኘቻት በሩ ላይ ጧፍ የምትሸጥ ሴት ናት። ሴትየዋ በኦሮምኛ አናገረቻት፣ እጇን አየች፣ ጧፏን አጠገቧ ላለች ሻጭ አደራ ብላ ልጅቷን ይዛ እስከ ወረዳችን የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት በእግሯ ወረደች። እኛ አጥር ተጋርተን ስንት ወር ሙሉ ያላደረግነውን ያቺ የማናውቃት ሴት በአንድ ከሰዓት አደረገችው። እስካሁን ፊቷን አላየሁም፤ ባያትም ቀና ብዬ የማያት አይመስለኝም።

ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ያለው ሠራተኛ መዝገብ ከፈተ። መዝገብ ከተከፈተ ደግሞ ፖሊስ አለ፣ ሐኪም አለ፣ ደብዳቤ አለ፤ ረጅም ነው። ጎረቤቴ ስትቀርብ «የቤተሰብ ጉዳይ ከሆነ በሽምግልና ጨርሱት። ልጅቷ ላይ ምንም እንዳልደረሰ ሽማግሌ የፈረመበት ወረቀት አምጪልኝና ልዝጋው» አላት። ልጅቷን በፊርማ አስረከባት። ጎረቤቴ በዚያው ምሽት እኔ ቤት መጥታ እግሬ ሥር ቁጭ አለች። «ቲቸር፣ ገመናዬን ሸፍኚልኝ። ሰው ምን ይለኛል?» እያለች አለቀሰች። አንጀቴን በላችው። «አታስቢ፣ እኔ እጽፈዋለሁ» አልኳት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሳሎኗ ተሰበሰብን። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነን፤ የእድሩ ሊቀመንበር፣ የእሷ የንስሐ አባት፣ እና እኔ። ሴት ለሽምግልና መጥራት በሰፈራችን ብዙም አልተለመደም፤ እኔ የተጠራሁት ለብዕሬ ነው። ጠረጴዛው ላይ ዳቦና ለስላሳ ቀርቧል። ልጅቷ በሩ አጠገብ ቆማለች። ሙቀቱ እያለ እጅጌው ረጅም የሆነ ቀይ ሹራብ ለብሳ ነበር። ከእጅጌው የወጡት የግራ እጇ ጣቶች አብጠዋል፤ ከአውራ ጣቷ ሥር ያለው ቆዳ ተልጧል። አየሁት። ያየሁ መሆኔን እሷም አየች። ወዲያው ጎንበስ ብዬ ወረቀቴን ማስመር ጀመርኩ።

ሊቀመንበሩ ጀመሩ። «ልጄ፣ ከቤት መጥፋት ነውር ነው። እትዬሽ እንዴት እንደተጨነቀች ታውቂያለሽ? ከተማ እኮ ነው ይኼ። አንድ ነገር ብትሆኚ ለወላጆችሽ ምን ልንላቸው ነው?»

ለምን እንደጠፋች የጠየቃት የለም። ይህ የሆነው በክፋት ነው ብል ይቀለኝ ነበር፤ ግን ልማዳችን ነው። በእኛ ሽምግልና ጥፋቱ የማንም ይሁን ይቅርታ የሚጠይቀው መጀመሪያ ታናሽ ነው። አባትና ልጅን፣ አማትና ምራትን፣ ባለ ሱቅና ሠራተኛውን ያስታረቅነው በዚሁ መንገድ ነው። አንደኛው ዝቅ ሲል ሌላኛው ይራራል፣ ይላቀሳሉ፣ ነገሩ ይበርዳል። ስንት ቤት እንዲህ አድርገን ከመፍረስ አትርፈናል። ያን ቀን ታናሿ የዐሥር ዓመት ልጅ መሆኗ ለማናችንም አልከበደንም።

የንስሐ አባቷ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው «በይ ልጄ፣ ‹ይቅርታ፣ ሁለተኛ አልጠፋም› በይና የእትዬሽን ጉልበት ሳሚ» አሏት።

አልተንቀሳቀሰችም። ሁለቱም ሽማግሌዎች እኔን አዩኝ፤ አስተማሪ ነኝ፣ ልጅ ማባበል አውቅበታለሁ። ተነስቼ አጠገቧ ሄድኩ። እጄን ትከሻዋ ላይ ሳደርግ ድንገት ኩምትር አለች። «ሳሚ እንጂ የኔ ቆንጆ፤ በቃ፣ ያልቃል» አልኳትና ቀስ አድርጌ ገፋኋት። ቀስ አድርጌ ነው የገፋኋት፤ ግን ገፋኋት።

ሄዳ ተንበረከከች። «ይቅርታ፣ ሁለተኛ አልጠፋም» ብላ የጎረቤቴን ጉልበት ሳመች። የሊቀመንበሩን ሳመች፤ የቄሱን መስቀልና ጉልበት ሳመች። በመጨረሻ የእኔን። በየጉልበቱ ላይ ያቺኑ ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ ደገመች። ጎረቤቴ እንባዋን እያፈሰሰች አቀፈቻት። «አሜን» አልን። እኔም አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት።

ከዚያ ወረቀቱን ጻፍኩ። በሦስት ቅጂ፤ አንዱ ለጽሕፈት ቤቱ፣ አንዱ ለጎረቤቴ፣ አንዱ ለእድሩ ፋይል። «በልጅቷ ላይ ምንም ዓይነት በደል አለመድረሱን አረጋግጠን፣ በሰላምና በፍቅር ወደ አሳዳጊዋ የተመለሰች መሆኑን በፊርማችን እንገልጻለን» ይላል። ሊቀመንበሩ «‹ሰምተን› ብትይው አይሻልም?» ብለውኝ ነበር። «ጋሼ፣ ‹ሰምተን› ካልን ቢሮው አይቀበለውም። ‹አረጋግጠን› ነው የሚባለው» አልኳቸው። «አንቺ ታውቂያለሽ» ብለው ፈረሙ። መዝገቡ በማግሥቱ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ከአጥሩ ወዲያ ድምፅ አልሰማሁም። ሬዲዮ መክፈትም አላስፈለገኝም። «አየሽ፣ ሽምግልና የሚሠራው እንዲህ ነው» ብዬ ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ በምሳሌነት ሁሉ ነግሬያታለሁ። ልጅቷ መጮህ ትታ እንደነበር የገባኝ ኋላ ነው። ጮኻ አይታለች፣ ሮጣ አይታለች፤ ሽማግሌ ተቀምጦ መልሷታል።

ግንቦት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ፣ ከጎረቤቴ ጓሮ ክፍል የተከራየች ተማሪ ልጅቷን አዝላ እየጮኸች ወደ መንገድ ወጣች። ልጅቷ ጀርባ ላይ የፈላ ውሃ ፈሷል። ስለዚያ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም። መንገድ ላይ የነበረ ሰው ቀረጸው፤ ልጅቷ ሆስፒታል ሳትደርስ ቪዲዮው ቀድሞ በየስልኩ ደረሰ።

ሰፈሩ ነደደ። የጎረቤቴ በር ላይ ድንጋይ ወረደ። ከማናውቀው ሰፈር በሚኒባስ የመጡ ሰዎች በሩን ተደግፈው ራሳቸውን እየቀረጹ ያለቅሱ ነበር። አንዱ «በአደባባይ ትሰቀል!» ይላል፤ ወጣቶቹ «ጀስቲስ እንፈልጋለን!» ብለው የልጅቷ ፎቶ ያለበት ካናቴራ አሳትመዋል። በቀጣዩ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሜዳው ላይ ሻማ በራ። ሊቀመንበሩ ከፊት ነበሩ። እኔ ከአጠገባቸው ነበርኩ። ዓይን ለዓይን አልተያየንም፤ ሁለታችንም ሻማችንን ነፋስ እንዳያጠፋው በእጃችን መከለል ሥራ ሆኖብን ነበር።

ያን ሰሞን ፌስቡክ ላይ አንድ ጽሑፍ ለጠፍኩ። ርዕሱ «ጎረቤት የት ነበረ?» ይላል። ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ አማርኛው ይፈሳል። የማላውቃቸው ሰዎች ተቀባበሉት፣ «ድምፅ ሆንሽልን» አሉኝ። የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ለተማሪዎቹ አንብቢላቸው አሉኝ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ወጥቼ አነበብኩት። አንዲት ከፊት የቆመች ተማሪ አለቀሰች። ተጨበጨበልኝ። እዚያ መድረክ ላይ ሆኜ፣ ለአንድ አፍታ፣ ያንን ወረቀት የጻፈው ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ሊቀመንበሩ ደወሉ።

«ቲቸር፣ ያቺ ወረቀት እድሩ ፋይል ውስጥ አለች?»

«አለች ጋሼ።»

«እንግዲህ… ቤቱ ዝናብ ያስገባል። ወረቀት ይበሰብሳል፣ ይጠፋል። አንቺ ታውቂያለሽ።»

«እሺ ጋሼ» አልኳቸው።

ሄጄ ከፋይሉ አወጣሁት፤ ቤቴ አምጥቼ ጠረጴዛ ላይ አደረግሁት። ሕሊናዬ ይዞኝ አልቀደድኩትም ብል ደስ ባለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ጽሑፉ እንዴት እንደሚያምር ሳይ እጄ አልታዘዘኝም። ፊደሎቹ እንደተሰለፉ ናቸው፤ አንድ ስርዝ የለውም። መልሼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

መቅደድ አለመቅደዴ ለውጥ እንዳላመጣ ያወቅኩት መጥሪያ ሲደርሰኝ ነው። የጎረቤቴ ጠበቃ የእሷን ቅጂ ለፍርድ ቤት አቅርቦታል። ዐቃቤ ሕጓ ወጣት ሴት ናት፤ ቢሮዋ ጠርታ ወረቀቱን ፊቴ ዘረጋችው።

«መከላከያቸው ‹ውሃው በአደጋ ነው የተገለበጠባት› የሚል ነው። ‹ከዚያ በፊት ተመትታ አታውቅም፤ ይኸው ሽማግሌዎች አረጋግጠዋል› ይላሉ። ልጅቷን አሁን ካለችበት የሕፃናት መጠለያ ለመውሰድ ያመለከተችው የተከሳሿ እህት ናት። ይህ ወረቀት እውነት ከሆነ፣ ልጅቷን አንሰጥም የምንልበት ምክንያት ይሳሳብናል» አለችኝ። ከዚያ ቀና ብላ «እውነት ነው?» አለች።

አፌን ከፍቼ ልነግራት የሚገባኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ያን ቃል ካልኩ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፣ ተማሪዎቼ ይሰማሉ፣ ያጨበጨቡልኝ ሁሉ ይሰማሉ። ይህን ማሰቤ ራሱ ያሳፍረኛል፤ ልጅቷ ጀርባዋ ተቃጥሎ በሆዷ ተኝታ እኔ የማስበው ስሜን ነበር። «ችሎት ላይ እናገራለሁ» አልኳት።

ለሊቀመንበሩ ነገርኳቸው። «እኛን ሁሉ ታዋርጂናለሽ» አሉኝ። «ተዋርደናል እኮ ጋሼ» አልኳቸው። ስልኩን ዘጉት።

በቀጠሮው ቀን ችሎቱ በሰፈራችን ሰው ሞልቶ ነበር፤ ሻማ ያበሩት፣ ካናቴራ የለበሱት ሁሉ መጥተዋል። ልጅቷ ቃሏን የሰጠችው በሌላ ክፍል ሆና ነው፤ እኛ አላየናትም። ጎረቤቴ ቀጥታ አየችኝ። በዚያ አስተያየቷ ውስጥ የእናቴን ለቅሶ እያስታወሰችኝ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። ማልኩና ቆምኩ።

«ይህ የእጅ ጽሑፍ የማን ነው?» አለች ዐቃቤ ሕጓ።

«የእኔ።»

«‹አረጋግጠን› ይላል። ልጅቷን ምን ጠይቃችሁ ነው ያረጋገጣችሁት?»

«ምንም አልጠየቅናትም።»

«ሐኪም አይቷት ነበር?»

«አላያትም።»

«እርስዎ ያዩት ነገር ነበር?»

«ግራ እጇ አብጦ ነበር። ቆዳዋ ተልጦ ነበር። ከዚያ በፊትም ስትመታ በአጥር እሰማ ነበር።»

ጠበቃው ተነሳ። «ታዲያ በፊርማዎ ያረጋገጡት ውሸት ነው ማለት ነው?»

«አዎ፣ ውሸት ነው» አልኩ።

ከኋላዬ ከንፈር ሲመጠጥ ሰማሁ። ስንት ዓመት ለሰው ስመጥጥ ኖሬ ለእኔ ሲመጠጥ የመጀመሪያዬ ነው። ወደ መቀመጫዬ ስመለስ አግዳሚው ላይ የነበሩት ሴቶች ፈቀቅ አሉ፤ ቦታ ሊለቁልኝ ነው ወይስ ሊርቁኝ፣ አልለየሁም። ፍርዱ የመጣው ከብዙ ቀጠሮ በኋላ ነው፤ ጎረቤቴ ታሰረች፣ ልጅቷም ለእህትየዋ አልተሰጠችም። እኔ ግን የምጽፈው ስለ ፍርዱ አይደለም፤ ስለዚያው ቀን ነው።

ችሎቱ ለዕረፍት ሲወጣ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። እውነት ለመናገር፣ ትንሽ ቀለል ብሎኝ ነበር። ኮሪደሩ መጨረሻ አግዳሚ ላይ ልጅቷ ከመጠለያው ሴት ጋር ተቀምጣ ብስኩት ትበላለች። ፀጉሯ ተሠርቷል፣ አዲስ ጫማ አድርጋለች፤ ጀርባዋን ላለማስነካት ወደፊት አዘንብላ ነው የተቀመጠችው። የተናገርኩትን ነግረዋት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ፈገግ ትልልኛለች ብዬም ጠብቄያለሁ፤ ይህን መጻፍ ከሁሉም በላይ ይከብደኛል።

ቀና ብላ አየችኝ። ብስኩቱን አግዳሚው ላይ አስቀመጠች፤ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ከዚያ ማንም ሳይነግራት ተነስታ ወደ እኔ መጣች፣ ፊት ለፊቴ ተንበረከከች፣ ጉልበቴን ሳመች።

«ይቅርታ፣ ሁለተኛ አልጠፋም» አለች።

ልወስዳት የመጣሁ መስሏት ነበር።